‹‹ኦሪጅናል ነው!››፤ ስለ ሻወር መስታወትና ስላልጨረስነው ጥያቄ

ወዳጃችን መታጠቢያ ቤቱን ያሳደሰ ሰሞን ሁላችንንም ጠርቶ አስጎበኘን፡፡ እንግዳ ሲመጣ ሳሎን ይታያል እንጂ መታጠቢያ ቤት ይጎበኛል ብለን አስበን አናውቅም ነበር፡፡ ግን እውነት ለመናገር ያምር ነበር፡፡ የኮንዶሚኒየሙ የድሮ ነጭ ሴራሚክ ተነቅሎ በግራጫ ተተክቷል፡፡ ያቺ በታጠብን ቁጥር እግራችን ላይ የምትለጠፈው የላስቲክ መጋረጃ ተወግዳ በቦታዋ ከወለል ተነስቶ ከጭንቅላት በላይ የሚደርስ፣ ጥርት ያለ መስታወት ቆሟል፡፡ ‹‹ሆቴል አስመሰልከው እኮ!›› አልነው፡፡ ደስ አለው፡፡ ቡናችንን ጠጥተን፣ አንዳንዶቻችንም በልባችን ቀንተን ወጣን፡፡

ከሦስት ወር በኋላ መስታወቱ ተሰበረ፡፡ በድንጋይ የመታው የለም፡፡ ወዳጃችን እንደ ወትሮው በሩን ዘጋው፤ ጫፉ ከሴራሚኩ ጋር ተጋጨ፤ በቃ፡፡ እድለኛ ነበር፡፡ ከሻወሩ ወጥቶ ፎጣውን እያገለደመ ስለነበር እጁ ላይ አራት ቦታ ተሰፍቶ ተረፈ፡፡ ወለሉ ላይ ያየነው ነገር ግን እስካሁን ከዓይናችን አልጠፋም፤ እንደ ሰንጢ የሾሉ፣ ክንድ የሚያካክሉ ስብርባሪዎች! ሲገዛ ‹‹ወንድሜ፣ ቴምፐርድ ነው ወይ?›› ብሎ ጠይቆ ነበር፡፡ የተሰጠውን መልስ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፡፡ ‹‹ኦሪጅናል ነው!››

እስቲ ስለዚህች ቃል ትንሽ እናውራ፡፡ ‹‹ኦሪጅናል›› በከተማችን ከስልክ ቻርጀር እስከ ስፖርት ጫማ፣ ከሽቶ እስከ መኪና መለዋወጫ የማትገባበት የለም፡፡ ሻጩ ‹‹ኦሪጅናል ነው›› ካለ ክርክሩ አለቀ ማለት ነው፡፡ ሁለተኛ ጥያቄ መጠየቅ ሰውየውን ሌባ ብሎ እንደ መሳደብ ይቆጠራል፡፡ ይሉኝታችን ያፍነናል፡፡ ቻርጀር ሲሆን ጉዳቱ ከመቶ ብሮች ብዙም አያልፍም፡፡ ራቁታችንን፣ በእርጥብ እግራችን፣ ዓይናችን በሳሙና ተሸፍኖ አጠገቡ የምንቆምለት መስታወት ሲሆን ግን ‹‹ኦሪጅናል›› መልስ አይደለም፡፡ የዛሬው ክርክራችን ይኸው ነው፤ የሻወር መስታወት ስንገዛ ከውበቱ በፊት ልንጠይቅ የሚገባን እንዴት እንደሚሰበር ነው፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ተራው የመስኮት መስታወት ሲሰበር ስለት ይሆናል፡፡ ቴምፐርድ የሚባለው ደግሞ ያው ተራ መስታወት በልኩ ተቆርጦ፣ ጠርዙ ተሞርዶ፣ ቀዳዳው ሁሉ ከተበሳ በኋላ 620 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ወደሚደርስ ሙቀት ገብቶ ወዲያው በኃይለኛ የአየር ግፊት የሚቀዘቅዝ ነው፡፡ ላዩ ቀድሞ ይደርቃል፤ ውስጡ ዘግይቶ ሲቀዘቅዝ ላዩን ወደ ውስጥ ስቦ ያጨብጠዋል፡፡ በዚህ የተነሳ እኩል ውፍረት ካለው ተራ መስታወት ከአራት እስከ አምስት እጥፍ ይጠነክራል፡፡ ዋናው ጥቅሙ ግን ሲሰበር ነው፤ የበቆሎ ፍሬ ወደሚያካክሉ ደንደን ያሉ ጠጠሮች ይበተናል፡፡ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፡፡ አስፋልት ላይ የተበተነ የመኪና የጎን መስታወት ያላየ የአዲስ አበባ ልጅ አለ? እሱ ቴምፐርድ ነው፡፡ የፊተኛው መስታወት ግን ሲሰነጠቅ እንደ ሸረሪት ድር ሆኖ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል፤ እሱ በሁለት መስታወት መካከል የፕላስቲክ ሽፋን ያለው ላሚኔትድ ነው፡፡ ለሻወር ሁለቱም ይሆናሉ፡፡ የማይሆነው ተራው ብቻ ነው፡፡

ታዲያ እንዴት እንለየው? እኛም ወዳጃችን እስኪሰፋ ድረስ አናውቅም ነበር፡፡ አንደኛ፣ በደንብ የተሠራ ቴምፐርድ መስታወት አንዱ ጥግ ላይ የማይለቅ ማህተም አለው፡፡ የአምራቹ ምልክትና የደረጃው ቁጥር ይታተምበታል፤ ለምሳሌ የአውሮፓው ኢኤን 12150፡፡ በጥፍር የሚላጥ ወረቀት ማህተም አይደለም፡፡ ሁለተኛ፣ ፖላራይዝድ የሆነ የፀሐይ መነጽር ያለው ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱና መስታወቱን በቀን ብርሃን አጋድማችሁ እዩት፡፡ ቴምፐርድ ከሆነ ደብዘዝ ያሉ ሰንበሮች ወይም ነጠብጣቦች ይታያሉ፡፡ ሦስተኛው ፈተና ከሁሉም ይቀላል፤ መነጽርም አይፈልግም፡፡ ቴምፐርድ መስታወት አንዴ ከተሠራ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳም፡፡ ከተነካ ይበተናል፡፡ ስለዚህ ሻጩ ወይም ገጣሚው ‹‹ግድ የለም፣ ካልገጠመ ቤት መጥተን እናስተካክለዋለን፤ ትንሽ መቁረጥ ነው›› ካላችሁ ሌላ ምስክር አትፈልጉ፡፡ ሰውየው በገዛ አፉ ተራ መስታወት መሆኑን ነግሯችኋል፡፡ የወዳጃችንን መስታወት ገጣሚው ደረጃው ላይ አስቀምጦ በአልማዝ መቁረጫ ሁለት ሳንቲም ሲቀንሰው ሁላችንም ብናይ ኖሮ እንኳ ‹‹ጎበዝ ባለሙያ!›› ብለን እናደንቅ ነበር፡፡

ከዚህ የሚከተል አንድ ትልቅ ነገር አለ፡፡ መስታወቱ በኋላ የማይቆረጥ ከሆነ ልኩ የሚወሰደው ሴራሚኩ ተነጥፎ ካለቀ በኋላ ነው ማለት ነው፡፡ እኛ ደግሞ ቸኩለን ሁሉንም በአንድ ቀን ማዘዝ እንወዳለን፡፡ ግድግዳዎቻችን ቱምቢ ሲወረድባቸው የሚያሳዩትን ጉድ ያሳደሰ ያውቀዋል፤ ከታች 90 ሳንቲም የሆነው ከላይ 91 ተኩል ይሆናል፡፡ ከታች፣ ከመሐልና ከላይ ሦስት ቦታ ያልለካ ገጣሚ የተረፈውን ክፍተት በሲሊኮን ሊሞላው ነው፡፡

ክብደቱንም አንርሳ፡፡ አንድ ካሬ ሜትር መስታወት ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት ሁለት ኪሎ ተኩል ይመዝናል፡፡ ወርዱ አንድ ሜትር፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር የሆነ ባለ 10 ሚሊ መስታወት 50 ኪሎ ነው፤ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ማለት ነው! በሩ 70 ሳንቲም ቢሆን እንኳ 35 ኪሎ በሁለት ማጠፊያ ላይ ተንጠልጥሎ በየቀኑ ይወዛወዛል፡፡ ግድግዳው ደግሞ ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ነው፡፡ በትራፓኖ ተበስቶ ትንሽ ፊሸር ተገፍቶበት ‹‹ጨርሰናል›› የተባለ ማጠፊያ ውሎ አድሮ ይላላል፤ በሩ ያዘነብላል፤ ጫፉ ከሴራሚክ ጋር መጋጨት ይጀምራል፡፡ ቴምፐርድ መስታወት ደግሞ ፊቱ ጠንካራ ቢሆንም ጠርዙ ደካማ ነው፡፡ ጥሩ መስታወት በመጥፎ ማጠፊያ ላይ ከተሰቀለ ገንዘቡ ውሃ በላው፡፡ ማጠፊያውን በእጃችሁ መዝኑት፡፡ ከነሐስ ወይም ከጥሩ አይዝጌ ብረት የተሠራው ከበድ ይላል፡፡ ቀለል ብሎ የሚያብረቀርቀው ብዙ ጊዜ ከላይ የተቀባ ነው፤ እርጥበት ሲያገኘው ቅቡ ይላጣል፡፡ መስታወትና ብረት በሚገናኙበት ሁሉ መሐላቸው ጎማ መኖሩንም እዩ፡፡ በሩም ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን፡፡ ውስጥ ሰው አዳልጦት ቢወድቅ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር በሰውየው ገላ ይታገዳል፤ የሚረዳውም አይገባም፡፡

እዚህ ላይ ‹‹እናንተ ልጆች፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ስለ ሻወር በር ትጽፋላችሁ?›› የሚል አንባቢ አይጠፋም፡፡ እውነቱን ነው፡፡ ባለ 10 ሚሊ መስታወት ውስጥ ገብተን ከባልዲ በጆግ እየቀዳን የታጠብንበትን ቀን እናውቀዋለን፡፡ ሳቅ እንጂ ምን ይባላል! ፈረቃው ግን ለመስታወቱም ይተርፋል፡፡ ከጉድጓድ የሚመጣ ውሃ ማዕድን ይበዛበታል፤ መስታወት ላይ ከደረቀ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል፡፡ ያንን ጥራት ለማቆየት ከታጠቡ በኋላ በጎማ መጥረጊያ ወደ ታች ማውረድ፣ አልፎ አልፎም አቼቶ በውሃ በርዞ ማበስ ይበቃል፤ አጠገቡ እብነ በረድ ካለ ግን አቼቶው እንዳይነካው፣ ይበላዋልና፡፡ ይህን ለማድረግ የሚታክተው ሰው ካለ (ከመካከላችንም አለ) ከወዲሁ ራሱን ይመርምር፡፡

ሌላው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ እሱን በቀልድ አናልፈውም፡፡ ‹‹ቴምፐርዱ ውድ ነው፤ እኔ ያለኝ ለተራው ብቻ ነው›› የሚል ወጣት ሞልቷል፡፡ ለእሱ ያለን መልስ አጭር ነው፤ መጋረጃ ይስቀል! አንቀልድም፡፡ የላስቲክ መጋረጃ ማንንም ቆርጦ አያውቅም፡፡ ሲቆሽሽ ይታጠባል፤ ሲያረጅ ይጣላል፤ ተከራይ ከሆኑም ተጠቅልሎ አብሮ ይሄዳል፡፡ በጥሩ መስታወትና በመጋረጃ መካከል ያለው ልዩነት የምቾት ነው፡፡ በመጋረጃና በተራ መስታወት መካከል ያለው ግን የሆስፒታል ነው፡፡ ችግሩ መጋረጃ ፎቶ ላይ አያምርም፡፡ የምናሳድሰው ለመታጠብ ነው ወይስ ‹‹ሆቴል አስመሰልከው›› ለመባል? ያንን ቃል የተናገርነው እኛው ነንና ጣታችንን ወደ ወዳጃችን ብቻ አንቀስርም፡፡ አንዳችንም ብንሆን ጥጉን ጎንበስ ብለን ማህተም አልፈለግንም፡፡

ሻጩስ? ሻጩ ነጻ አይወጣም፡፡ ስለ ቴምፐርድ ተጠይቆ ስለ ኦሪጅናል መመለስ ማታለል ነው፤ ሌላ ስም የለውም፡፡ ግን ነጋዴ የሚያመጣው የሚጠየቀውን ነው፡፡ በአሜሪካ ለሻወር በር የሚውል መስታወት የደህንነት መስታወት እንዲሆን የሚያስገድድ ደንብ በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣው መስታወት በቤት ውስጥ ሰው እየጎዳ ስለነበር ነው፡፡ እኛም ከመደብር መደብር እየዞርን ‹‹ማህተሙ የት አለ? ደረሰኙ ላይ ቴምፐርድ ብለህ ጻፍልኝ›› ማለት ብንጀምር ማህተም ያለው ዕቃ መደርደሪያው ላይ ይወጣል፡፡ ‹‹ጻፍልኝ›› የምትለዋ ቃል ተዓምር ትሠራለች፡፡ በአፉ ‹‹ኦሪጅናል›› ለማለት ያልከበደው ሰው በደረሰኝ ላይ ‹‹ቴምፐርድ፣ 8 ሚሊ›› ብሎ ለመፈረም እጁ ሲከብደው ታያላችሁ፡፡ እጁ ከከበደው ወደሚቀጥለው ሱቅ ነው፡፡

ሐቁን ሙሉ ለሙሉ እንናገር ከተባለ ቴምፐርድም ቢሆን አይሰበርም ማለት አይደለም፡፡ ሲመረት ውስጡ የቀረ የኒኬል ሰልፋይድ ቅንጣት ከዓመታት በኋላ ያለማንም ንክኪ ሊያፈነዳው ይችላል፡፡ ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ግን ይደርሳል፡፡ ለዚህም አንዳንድ አምራቾች መስታወቱን እንደገና አሙቀው ይፈትኑትና ደካማው እዚያው ፋብሪካው ውስጥ እንዲሰበር ያደርጋሉ፡፡ ያኔም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚደርስብን ድንጋጤ፣ ጠጠር መጥረግና ጥቃቅን ጭረት ነው፡፡ ከክንድ ከሚያክል ስለት ጋር አይወዳደርም፡፡

ወዳጃችን አሁን መጋረጃ ሰቅሏል፡፡ ሰማያዊ ነው፤ ዓሣ የተሳለበት፡፡ ገንዘብ እስኪያጠራቅም ነው ይላል፡፡ ባለፈው ቅዳሜ ሄደን ነበር፤ እሱ ዘንድሮ መታጠቢያ ቤት አያስጎበኝም፡፡ አንዳችን ግን እጅ ለመታጠብ ገብቶ ሲመለስ ‹‹ዓሣዎቹ ያምራሉ›› አለው፡፡ ወዳጃችን ጠባሳውን እያሻሸ ሳቀና ‹‹ኦሪጅናል ናቸው!›› አለን፡፡