መስመሩ ሲወርድ ዋጋውም ወረደ ማለት ነው?

በዚህ ወር የማጫውታችሁ ስለ አንድ ግራፍ ነው። ግራፉን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የኔ ነው።

የትውልድ ከተማዬ የመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ናት። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ፣ የከተማዋ ተወላጆች በየወሩ በስልካችን የምናነባትን ትንሽ ዜና መጽሔት ማዘጋጀቱ እኔ ላይ ወድቋል። ማን አገባ፣ ማን ተመረቀ፣ ማን አረፈ፣ ትምህርት ቤቱ ምን ጎደለው፤ ይዘቷ ይኸው ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ግን የሁሉም ጥያቄ አንድ ሆነ፤ «ዶላር ስንት ገባ?» በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፎ ነበር። ውጭ አገር ያለው መቼ እንደሚልክ፣ እዚህ ያለው መቼ እንደሚገዛ ማወቅ ፈለገ። እኔም በዩኒቨርሲቲ ቢዝነስ የተማርኩትን ላሳይ ብዬ ሁለት ግራፎች ጨመርኩ፤ አንዱ የምንዛሬ፣ ሌላው የዋጋ ግሽበት። ግሽበቱ በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ በ2017 ከ20 በመቶ በታች ወርዷል። መስመሩ ሲታይ ደስ ይላል። «የዋጋ ግሽበት እየወረደ ነው» ብዬም በደማቁ ጻፍኩበት።

አክስቴ ዓለም ከተማ ነው የሚኖሩት። የቤታቸው ቆርቆሮ ዝጎ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ሳፋና ባልዲ ይደረድራሉ። ልጆቻቸው አዋጥተው የቆርቆሮውን ገንዘብ በጥቅምት ላኩላቸው። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ፋሲካ ደረሰ፤ ጣሪያው ግን እንዳለ ነው። ምነው ብዬ ደወልኩላቸው።

«አንቺው አይደለሽ እንዴ ወረደ ያልሽው?» አሉኝ። «የጎረቤት ልጅ በስልኩ አሳየኝ። መስመሩ እንደ ጀማ ቁልቁለት ወደ ታች ይንደረደራል። ትንሽ ይውረድልኝና እገዛለሁ ብዬ ነው ልጄ።»

ደነገጥኩ። ግራፉ ውስጥ አንድም የተሳሳተ ቁጥር አልነበረም። አክስቴም ያዩትን በትክክል ነው ያነበቡት። የጎደለው እኔ ልጽፈው ይገባኝ የነበረ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የወረደው ዋጋው ሳይሆን ዋጋው የሚጨምርበት ፍጥነት ነው።

በቀላል ቁጥር እንየው። 100 ብር የነበረ ዕቃ በአንድ ዓመት 30 በመቶ ሲጨምር 130 ብር ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት ግሽበቱ ወደ 20 በመቶ «ወረደ» እንበል። ዕቃው 156 ብር ገባ። የግሽበቱ መስመር ወርዷል፤ ከኪሳችን የሚወጣው ግን ጨምሯል። ገንዘቡ ባንክ ውስጥ ወለድ ያገኛል ትሉ ይሆናል። በጥቅምት 2010 ብሔራዊ ባንክ የቁጠባ ወለድን ዝቅተኛ መጠን ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳድጎ ነበር። በ7 በመቶ የተቀመጠ 100 ብር በዓመቱ 107 ይሆናል፤ በ20 በመቶ የጨመረው ዕቃ ደግሞ 120። የጠበቀ ሰው 13 ብር ጎደለው ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ስዘረዝር ዝም ብለው ሰሙኝ። የገባቸው ግን በመኪና ሳስረዳቸው ነው። አውቶቡሱ ከጀማ ወንዝ ተነስቶ ወደ ዓለም ከተማ ሲወጣ መጀመሪያ ላይ አፍንጫው ሰማይ ሰማይ ያያል። ከፍ ካለ በኋላ ዳገቱ ለዘብ ይላል። ዳገቱ ለዘበ ማለት መኪናው ተመልሶ ወረደ ማለት ነው? አይደለም። አሁንም እየወጣ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዜና መጽሔታችን ላይ ግራፍ የማወጣው አራት ነገሮችን አይቼ ነው። እናንተም በቴሌግራም ለሚደርሳችሁ ግራፍ ሁሉ ልትጠቀሙባቸው ትችላላችሁ።

አንደኛ፣ መስመሩ የሚለካው ዋጋውን ነው ወይስ የጭማሪውን ፍጥነት? አሁን ከግሽበቱ ጎን ያው 100 ብር የነበረው ዕቃ ዛሬ ስንት እንደገባ የሚያሳይ ሁለተኛ መስመር አወጣለሁ።

ሁለተኛ፣ የግራው ቁጥር ከስንት ይጀምራል? ዶላር ከ120 ወደ 125 ብር ቢሄድ ጭማሪው 4 በመቶ ገደማ ነው። ግራፉ ከ119 ከጀመረ ግን ገደል ይመስላል፤ ሰውም ደንግጦ ያልሆነ ውሳኔ ይወስናል።

ሦስተኛ፣ የምንዛሬ ግራፍ ከሆነ የመግዣው ነው ወይስ የመሸጫው? ከውጭ የተላከለት ቤተሰብ ብሩን የሚያገኘው ባንኩ ዶላር በሚገዛበት ተመን ነው። የመሸጫውን አይቶ የሚያስብ ሰው ባንክ ቤት ሲደርስ ያዝናል።

አራተኛ፣ የማን ዘመን አቆጣጠር ነው? ከዓለም ከተማ ጋር በወዳጅነት የተሳሰረችው ፋተርሽቴተን ያለችው ጀርመን ነው፤ እዚያ ያለ ሰው 2017ን ሲያይ ከዛሬ ዓመታት በፊት የሆነ ነገር ይመስለዋል። ጳጉሜንም አትርሱ። 5 ወይም 6 ቀን ብቻ ስላላት በወር በወር በተሠራ የሽያጭ ግራፍ ላይ ገበያው በድንገት የሞተ ታስመስለዋለች። እኔ ከነሐሴ ጋር እደምራታለሁ፤ መደመሬንም ከሥር እጽፋለሁ።

አክስቴ ቆርቆሮውን ክረምቱ ሳይገባ ገዙ። በጥቅምት ለቤቱም ለማድ ቤቱም ይበቃ የነበረው ገንዘብ በግንቦት ለቤቱ ብቻ ሆነ። የማድ ቤቱን እኔ ሞላሁ፤ የግራፌ ዕዳ ነውና። አሁን በየወሩ ዜና መጽሔቷ ስትወጣ ይደውሉልኛል።

«የዘንድሮው የሚወርደው የትኛው ነው ልጄ፣ ዋጋው ነው ወይስ ፍጥነቱ?»

ቤታችሁ ገንዘብ አስቀምጣችሁ «ትንሽ ይውረድ» እያላችሁ ከሆነ፣ ይህንኑ ጥያቄ ዛሬ ማታ እራት ላይ አንሱት። እስከሚቀጥለው ወር ደህና ሰንብቱ።