ለሎው አንግል የተጻፈ የምስጋና ደብዳቤ

ውድ ሎው አንግል፣

በዕድሜ ብትበልጠኝም ስለለመድኩህ አንተ እልሃለሁ። ምስጋናው ለዘመዶችህም በተገባ ነበር፤ ክሎዝ አፕ ግን አመስጋኝ አጥቶ አያውቅም፣ ዋይድ ሾትንም ተራራውና ሜዳው ያስወድሱታል። አንተን ሰው የሚያውቅህ በአንድ ሕግ ብቻ ነው፦ ካሜራው ከታች ወደ ላይ ካየ ሰውየው ኃያል ይመስላል። ፊልም መማር የጀመረ ሁሉ ይህን ይሸመድዳል። ሐሰት አይደለም፤ ስንቱ ጀግና፣ ስንቱ ሐውልት በአንተ ቁመት ጨምሯል። እኔ የማመሰግንህ ግን ሕጉን ራስህ ስላፈረስክልኝ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1941 የወጣውን «ሲቲዝን ኬን» ታስታውሳለህ። ኦርሰን ዌልስ የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን ሲቀርጽ ገና 25 ዓመቱ ነበር፤ ካሜራውን የያዘለት ግሬግ ቶላንድ ነው። በአንዱ ትዕይንት ባለታሪኩ ኬን በምርጫ ተሸንፏል። ቢሮው ውስጥ የቅስቀሳው ወረቀት ተበታትኗል፤ የቆየ ወዳጁ ሰክሮ መጥቶ የልቡን ይነግረዋል። ዌልስና ቶላንድ አንተን ወደ ታች ለማውረድ የስቱዲዮውን ወለል እስከማስቆፈር ደረሱ። በዚያ ላይ በወቅቱ የስቱዲዮ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ጣሪያ አልነበራቸውም፤ መብራቱም ማይክሮፎኑም ከላይ ነበርና። አንተ ቀና ስትል ባዶው እንዳይታይ ስስ ጨርቅ ወጥረው ጣሪያ አስመሰሉት፣ ማይክሮፎኑንም ከጨርቁ በላይ ደበቁት። ታዲያ ኬን ከሁሉም ጊዜ በላይ ግዙፍ ሆኖ የታየው በተዋረደበት ሌሊት ሆነ። ጣሪያው አናቱ ላይ ተጭኗል፤ ያ ሁሉ ቁመት መሄጃ የለውም። ከዚህ ወዲያ «ሎው አንግል ማለት ኃይል ነው» የሚለኝን ሰው በግማሽ ጆሮ ነው የምሰማው።

ሁለተኛው ውለታህ በጃፓናዊው ያሱጂሮ ኦዙ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በሠራው «የቶኪዮ ታሪክ» ውስጥ ሽማግሌ ወላጆች ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከተማ ይመጣሉ፤ ልጆቹ ግን ጊዜ የላቸውም። ካሜራው ምንጣፍ ላይ ከተቀመጠ ሰው ዓይን እንኳ ዝቅ ይላል፣ ሆኖም ወደ ላይ ብዙም አያንጋጥጥም። በጥብቅ ከተነጋገርን ይህ አንተ ሳትሆን ወንድምህ ነው፤ ካሜራ ዝቅ ማለቱ ሌላ፣ ቀና ማለቱ ሌላ። እዚህ ማንም አይገዝፍም። አብረናቸው ተቀምጠናል፣ በቃ። የቆመ ሁሉ የሚቸኩል መምሰሉም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

እኛ ዘንድ ይህ ትምህርት የገባ አይመስለኝም። በየድራማው ቡና የምታፈላው ሴት በርጩማ ላይ ሆና ካሜራው ብዙ ጊዜ እንደቆመ ይቀርጻታል፤ የምናየው አናቷንና የስኒውን አፍ ነው። በርጩማዋ ድረስ ቢወርድ ፊቷም፣ ከጀበናው የሚወርደው ቡናም፣ አሽሙር እየጣለች ጎረቤቷን የምታይበት ዓይንም በአንድ ፍሬም ይገቡ ነበር። ወጪው ትራይፖድ ማሳጠር ብቻ!

አንድ አደራ አለኝ። ዛሬ ስክሪኑ ስለሚታጠፍ ወገብን ጎንበስ ማድረግ ይበቃል፤ ድሮ ግን ዓይን ከካሜራው መመልከቻ መለየት ስለማይችል ካሜራማኑ በሆዱ ይተኛ ነበር፣ አቧራም ሆነ ጭቃ። ምስጋናዬን ለእነሱም አድርስልኝ።

አክባሪህ፣
አንድ ተመልካች