ሥራ አስኪያጁ የት ያድራሉ?

በዚህ ሳምንት አዳማ ውስጥ አንድ ፋብሪካ ሙሉ ፈረቃ ቆሞ ዋለ፤ ለአንድ ኩሽኔታ ሲባል። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፤ ወዳጄ እንጀራውን የሚበላው እዚያ ነው። ፎርማን ነው፤ ቱታውን እንኳ ሳይቀይር ቡና ሊጠጣ መጥቶ እንዲህ አለኝ፦ «ኩሽኔታው እዚሁ ገበያ ውስጥ አለ። በባጃጅ ሄጄ አመጣዋለሁ። ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ አሉኝ፤ አመጣሁ። ፊርማው ግን አዲስ አበባ ነው።»

ፊርማው ደግሞ ስብሰባ ላይ ነበር።

በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ የቆየ ቂም አለኝ። 85 ኪሎ ሜትሩ በ2007 ዓ.ም. ለተሽከርካሪ ሲከፈት ጭነት ያቀላጥፋል ተብሎ ነበር። ያቀላጠፈው አለቆችን ነው። ረፋዱ ላይ ከች ይላሉ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ቱሉ ዲምቱን አልፈዋል። የሌሊቱ ፈረቃ አለቃውን የሚያውቀው ቢሮ ውስጥ ከተሰቀለው ፎቶ ነው። «አሁን እኮ በቴሌግራም ይመራል» የሚሉኝ አሉ። ኩሽኔታ ከመሰበሩ በፊት ይጮኻል፣ ይግላል፤ በአጠገቡ ያለፈ ጆሮ ያለው ሰው ይሰማዋል። ቴሌግራም ይሰማዋል?

ካይዘን የተባለውን የጃፓኖች የአሠራር ማሻሻያ ዘዴም እንዲሁ ነው ያደረግነው። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ፤ አምስቱ «ማ»ዎች በየፋብሪካው ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል። ጃፓኖቹ አለቃው ራሱ ማሽኑ አጠገብ ሄዶ እንዲያይ ይፈልጋሉ። እኛ ሰሌዳውን ሰቀልን፤ መሄዱን ለፎርማኑ ተውንለት። ጄኔራሎች የመሩት የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሜቴክማ ጭራሽ በትእዛዝ ብረት ይቀልጣል ብሎ ገባበት፤ የጣና በለስን የስኳር ፕሮጀክት ማስረከብ አቅቶት ተነጠቀ። የአዳማው የትራክተር ፋብሪካም በእሱ እጅ ከገቡት አንዱ ነበር።

አለቃው እዚያው ሲያድር ምን እንደሚመስል ለማየት አዳማ አጠገብ ያለውን ወንጂን አንሱ እንጂ። ኤችቪኤ የተባለው የሆላንዶች ኩባንያ ከኢንዶኔዥያ ልምዱን ይዞ መጣ፤ ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ጀመረ። አለቆቹ የሚኖሩት እዚያው ሸንኮራው መሀል ነበር። አንድ ጡረተኛ አባት «ቦይለሩ ድምፁን ከለወጠ ሆላንዱ ከቤቱ ሰምቶ ይመጣ ነበር» ብለውኛል። ይህን ስናገር ናፍቆት አይምሰላችሁ። ቤቱ በማዕረግ ነበር የሚታደለው፤ አለቃው ከግቢ ዛፍ ጋር፣ ሸንኮራ ቆራጩ ከነቤተሰቡ ጠባብ ክፍል ውስጥ። ሠራተኛው የሚጠጣው የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊግራም በሊትር ገደብ እጅግ ይበልጥ ስለነበር፣ በ1960ዎቹ ሐኪሞች ወገባቸው የደረቀ፣ አንገታቸው አልዞር ያለ የወንጂ ሠራተኞችን አይተዋል። የማሽኑን ድምፅ ከሩቅ የለየ አስተዳደር የሠራተኛውን አጥንት ለመስማት ብዙ ዓመት ፈጀበት።

ስለዚህ እዚያው ማደር ብቻውን አይበቃም። ፋብሪካው በ1967 ዓ.ም. ከተወረሰ በኋላም ያደሩ አለቆች ነበሩ፤ ከበላይ የመጣ ኮታ ግን ከሁሉም ይቀድም ነበር። እኔ የማየው አንድ ነገር ነው፦ ከታች ያለው ሰው «ይህ ነገር ሊሰበር ነው» ሲል የሚሰማው አለ?

የቦርድ አባላት ሆይ፣ አዲስ ሥራ አስኪያጅ ስትሾሙ የትምህርት ማስረጃውን ካያችሁ በኋላ የት እንደሚያድር ጠይቁልን። ሥራ አስኪያጁ አዲስ አበባ ካላደሩ አይሆንላቸውም ካላችሁም፣ ቢያንስ ለፈረቃ ኃላፊው ኩሽኔታ የሚገዛበት ገንዘብና ፊርማ ስጡት።