ሲጨብጡት የሚጠነክር ፍሬን

ፈረንሳዮች «ሲክሎክሮስ» የሚሉት፣ በጭቃና በሣር ላይ የሚደረገው የብስክሌት እሽቅድምድም፣ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1950 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ተደርጎ ዣን ሮቢክ አሸናፊ ሆኗል። ለዚሁ ሜዳ ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት የሚያሠሩ ወጣቶች ስላሉ፣ ስለ ፍሬኑ እጀታ ጥቂት ልንናገር እንወዳለን።

ማርሽ ለማይለወጥበት ብስክሌት፣ ፍሬኑንና ማርሽ መለወጫውን አንድ ላይ ለያዘ ውድ እጀታ ገንዘብ ማፍሰስ ከንቱ ነው። ተራው ይበቃል። ነገር ግን እጀታ ሁሉ ገመዱን እኩል አይስብም። ገመዱ ከጎን ለሚገባባቸው ረጃጅም ክንዶች፣ ማለት ለ«ቪ ብሬክ» የተሠራው እጀታ፣ ለአጫጭሮቹ ለካንቲሊቨሮች ከተሠራው እጥፍ ያህል ይስባል።

ቪ ብሬኩን በካንቲሊቨር እጀታ ያሰረ ሰው፣ ላስቲኩ ቸርኬውን ሳይዝለት እጀታው መሪውን ይነካበታል። ላስቲኩን ቢያስጠጋው ደግሞ ጭቃ ይሞላበታል። ይህ ስሕተት ቶሎ ስለሚታይ ብዙ አያሠጋም።

ተገላቢጦሹ ግን ያታልላል። ካንቲሊቨሩ በቪ ብሬክ እጀታ ሲታሰር፣ ሱቅ ውስጥ ቢጨብጡት እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ገዢውም «ይህ ነው ፍሬን!» ይላል። ዳሩ ግን የጣቱ ኃይል ቸርኬው ዘንድ ሲደርስ ግማሽ ያህሉ ቀርቷል። እኛም በዚሁ ተታለን፣ ቁልቁለት ላይ የሰው አጥር ጥሰን ገብተናል።

ስለዚህ ገዢው አስቀድሞ ፍሬኑ የትኛው እንደሆነ ለባለሱቁ ይንገር፤ እጀታው ለዚያው የተሠራ መሆኑንም ይጠይቅ። ጣቱ አጭር የሆነበት እንደሚደርስለት እዚያው ይሞክረው። ቀለሙን ከዚያ በኋላ ይምረጥ።