መብራት አልበላውም

«ጽሑፉስ?» ሲባል «መብራት በላው» ማለት በዚህ ከተማ ሙሉ መልስ ከሆነ ቆይቷል። ጠያቂው ከንፈሩን ይመጥጣል፤ ተጠያቂው ትከሻውን ይሰብቃል፤ ነገሩም በዚያው ይዘጋል። እኔ ግን መብራት ይሄዳል እንጂ አይበላም እላለሁ። በላተኛው የእኛው ስንፍና ነው።

ይህን የምለው ከንጹሓን ወገን ሆኜ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዕድሜያቸውን በማተሚያ ቤት የፈጁ አንድ አዛውንት ፊደል ለቃሚ አነጋግሬ ነበር። የእርሳስ ፊደል ከሳጥን እየለቀሙ መስመር ስላቆሙበት ዘመን አጫወቱኝ። ድምፃቸውን ከስልኬ እያዳመጥኩ በኮምፒዩተር ጻፍኩና፣ ስልኩ ስለሞላብኝ ቅጂውን ደመሰስኩት። ጽሑፉ ያለው በአንዲት ፍላሽ ላይ ብቻ፣ የማርመውም እዚያችው ላይ። «ሴቭ» ብዬ ሳልጨርስ መብራት ሄደ። ሲመለስ ፋይሉ አልከፈትም አለ። እንደገና ልጠይቃቸው ብሄድ ከደጃቸው ድንኳን ተጥሎ አገኘሁ።

ማንን ልክሰስ? መብራት ሳይሰናበት እንደሚሄድ ከልጅነቴ አውቃለሁ። በቤታችን የሻማውና የክብሪቱ ቦታ በጨለማም የማይጠፋን ለዚህ አይደለም? ለእራታችን ያሰብነውን ለጽሑፋችን አላሰብንለትም።

ሻጮቹም አሉ። ከኮምፒዩተሩ ጋር ስታብላይዘር ያስታቅፉንና «ከእንግዲህ ሥጋት የለም» ይላሉ። ስታብላይዘር የሚዋዥቀውን ኃይል 220 ቮልት አካባቢ ይይዛል እንጂ ባትሪ የለውም፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው። እሱም ቢሆን የተሠራው ቀኑን ሙሉ ሊያሠራ ሳይሆን፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሥራን አስቀምጦ ማሽኑን በወጉ ለማጥፋት ነው። ባትሪው ደግሞ ከ3 እስከ 5 ዓመት ገደማ ሲያገለግል ይደክማል። በየቢሮው ጠረጴዛ ሥር «ጢጥ ጢጥ» የሚለው ይኸው ነው፤ ቀይሩኝ ማለቱ ነው። ባለቤቱ ምን ያደርጋል? ድምፁን ያጠፋዋል!

«ዘመኑ የላፕቶፕ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ባትሪው ሞቶ፣ ገመዱ ሲነቀል እልም የሚል ላፕቶፕ በስንቱ ቤት አለ? «ኢንተርኔት ላይ ይቀመጣል» ለሚለኝም፣ የቤቱን ኢንተርኔት የሚያመጣው ሳጥን የሚሰካው እዚያው ግድግዳ ላይ መሆኑን ላስታውሰው። ወርድ የተባለው ፕሮግራም እንኳ ካልነኩት የመጠባበቂያ ቅጂ የሚይዘው በየ10 ደቂቃው ነው። ጥሩ ዐረፍተ ነገር ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በዘጠነኛው ላይ ነው።

ዩፒኤስ ውድ ነው፤ እስማማለሁ። ኮንትሮልና ኤስን መጫን ግን ስንት ብር ያስከፍላል? ፋይሉን በሌላ ፍላሽ ገልብጦ፣ ፍላሹን ነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ማኖርስ?

ከአዛውንቱ ጨዋታ አንዲት ነገር ብቻ በአእምሮዬ ቀርታለች። የቆመ ገጽ ከእጃቸው ወድቆ ሲበተን፣ እየተራገሙም ቢሆን እንደ አዲስ ይለቅሙት ነበር፤ የደራሲው ወረቀት ከፊታቸው ነበርና። ሌላውን ረስቼዋለሁ።