የቮልቴጁ ቁልፍ ለላፕቶፑ ባለቤት ይሰጥ

ከዱባይ ተገዝቶ አዲስ አበባ ለሚኖር ወንድም የሚላክ ላፕቶፕ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳላት ከተማ ሲደርስ ሙቀቱን ማስወጣት ይከብደዋል። የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ ቢሆንም ስስ ነው፤ እፍጋቱ በባሕር ጠለል ካለው አየር ከ20 በመቶ በላይ ያንሳል። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣው አየር በክብደት ያነሰ ነው። የከተማዋ ቅዝቃዜ ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል፤ ላፕቶፑ አልጋ ላይ ተቀምጦ የታችኛው የአየር ማስገቢያ በብርድ ልብስ ሲደፈን ግን የሚያካክሰው ነገር አይኖርም።

ብዙዎቹ የኢንቴል የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጉ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ማሽኑ አይቃጠልም፤ ባለቤቱ ግን የከፈለበትን ፍጥነት ያጣል። «አርጅቷል» ተብሎ አዲስ ለመግዛት የሚታሰበውም ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። በቅድሚያ መታየት ያለበት በስስ የብረት ክንፎቹ መካከል የተጠቀጠቀው አቧራና ከዓመታት አገልግሎት በኋላ የሚደርቀው ተርማል ፔስት ነው። አቧራው በታመቀ አየር ሲነፋ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር መያዝ አለበት። በገበያ ላይ ያለው ባለፋን ማስቀመጫ ከመገዛቱ በፊት ደግሞ ከላፕቶፑ ጀርባ ሥር ሁለት የጠርሙስ ክዳን ማድረግ ይሞከር።

ቀጣዩ መፍትሔ፣ ማለትም የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅ ዝቅ ማድረግ፣ ሳንቲም አይጠይቅም። ፋብሪካው ለቺፑ ቮልቴጅ ሲመድብ በዕድሜና በሙቀት ብዛት እንዳይሰናከል የመጠባበቂያ ትርፍ ይጨምርበታል፤ ከዚህ ትርፍ ጥቂቱን መቀነስ ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም። ፕሮሰሰሩ በሥራ ላይ የሚፈጀው ኃይል ቮልቴጁ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ውጤት ልክ ስለሚለዋወጥ፣ ፍጥነቱ ሳይነካ ቮልቴጁ በ10 በመቶ ቢቀንስ ይህ ኃይል በ19 በመቶ ይቀንሳል። የቀነሰው ኃይል ደግሞ ያልተፈጠረ ሙቀት ነው።

ችግሩ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ይህ በር መዘጋቱ ነው። በዲሴምበር 2019 እ.ኤ.አ. የበርሚንግሃም፣ የግራዝ የቴክኖሎጂና የሌቨን ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ፕለንደርቮልት የተባለውን ድክመት ይፋ አደረጉ። ቮልቴጁን ለቅጽበት ዝቅ በማድረግ ኤስጂኤክስ በሚባለው የፕሮሰሰሩ ጥብቅ ክፍል ውስጥ ስሌት እንዲሳሳትና ምስጢር እንዲወጣ ማድረግ ይቻል ነበር። ኢንቴል ማስተካከያውን የሚቆልፍ ዝማኔ አወጣ፤ አምራቾችም በባዮስ ዝማኔ አሠራጩት።

ጥንቃቄው ተገቢ ነበር። ሆኖም ጥቃቱን ለመፈጸም አስቀድሞ የኮምፒውተሩን ከፍተኛ ሥልጣን መያዝ ያስፈልጋል፤ ይህን የያዘ ሌባ የተራውን ተጠቃሚ ሰነድ ለመስረቅ ቮልቴጅ መነካካት አያሻውም። ኢንቴልም ራሱ ኤስጂኤክስን በኋላ ከወጡት የኮር ፕሮሰሰሮች አስወጥቶታል። ቁልፉ ግን ከዚያ በኋላ በተሠሩ ብዙ ላፕቶፖች ላይ ቀርቷል። የሚጠበቀው ዕቃ ከቤት ወጥቶ በሩ እንደተከረቸመ ነው!

አንዳንድ አምራቾች የተሻለውን መንገድ አሳይተዋል፦ መቆለፊያው እንደተዘጋ ይሸጣል፤ የሚፈልግ ባለቤት በባዮስ ገብቶ ይከፍተዋል። ሌሎቹም ይህንኑ የማያደርጉበት አጥጋቢ ምክንያት የለም። ቮልቴጅ መቀነስ፣ ከመጨመር በተለየ፣ ቺፑን አያቃጥልም፤ ከበዛ ማሽኑ ይደርቃል፣ ያልተቀመጠ ሥራም ይጠፋል። ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ ባዮሱ ይህ ምርጫ እንዳለው ቢያይ መልካም ነው።

ምርጫው ያለው ሰው በ10 ሚሊቮልት እየቀነሰ፣ በየደረጃው ከባድ ሥራ ለሰዓታት እያሠራ ይሞክር፤ ማሽኑ የደረቀበት ቁጥር ላይ ሲደርስ ሃያ ሚሊቮልት ያህል ወደ ላይ ይመለስ። ቅንብሩ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር በራሱ እንዲሠራ የሚደረገው ግን ሳምንት ያለ እንከን ካለፈ በኋላ ነው።