ዘፈን እየገለበጣችሁ ሰይጣን አትፈልጉ

ሰሞኑን ደባርቅ ሻይ ቤት ተቀምጠን አንድ ጓደኛችን ስልኩን አወጣ። «ይሄ ዘፈን ወደ ኋላ ሲሄድ ሰይጣን ይጠራል፤ ስሙ!» አለን። ጉርምርምታ ሰማን። «'ና' ሲል አልሰማችሁም?» ሲለን ግን፣ ጉድ በሉ፣ ሰማን!

በማግስቱ ዳባት ላሉ ጓደኞቻችን ያንኑ ድምፅ ምንም ሳንነግራቸው አሰማናቸው። የሰሙትን ለየብቻ ጻፉ። የአንዱ ከሌላው አልገጠመም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1985 እ.ኤ.አ. ቮኪ እና ሪድ የተባሉ የካናዳ ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈትነውታል። የተገለበጠ ንግግር ትርጉሙ ለአድማጭ አይገባውም፤ ምን እንደሚል አስቀድሞ ሲነገረው ግን «ይሰማዋል»። በ1990 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጁዳስ ፕሪስት የተባለው የሮክ ባንድ ሁለት ወጣቶች በራሳቸው ላይ እንዲተኩሱ በስውር መልእክት ገፋፍቷል ተብሎ አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት ቆመ። ዳኛው ነፃ አሉት።

ጎበዝ፣ መገልበጡን አልጠላንም። እንዲያውም ግሩም ጨዋታ ነው። «ደባርቅ»ን በፊደል ብትገለብጡት «ቅርባደ» ይሆናል፤ ድምፁን ብትገለብጡት ግን «ቅራበድ» ወደሚል ይጠጋል። ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ አስሮ ይጽፋል፤ መቅጃው ግን ይፈታቸዋል። «ውሃው» በወረቀት ከኋላም ከፊትም ያው ነው፣ በድምፅ ግን ይለወጣል። «አበባ» በወረቀት «ባበአ» ይሆናል፤ በድምፅ ስትገለብጡት ግን ተመልሶ አበባ! ይህን በየትኛው የሰዋስው ክፍል ተማርን?

ምስጢር ካማራችሁ ደግሞ እዚሁ ጎንደር ምድር አዝማሪ አለላችሁ። ሰምና ወርቁ ወደ ፊት እየተዘፈነ ነው የሚደበቀው። አዝማሪዎች እርስ በርስ የሚግባቡበት የሙያ ቋንቋም አላቸው፤ ቮልፍ ሌስላው በ1964 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አጥንቶታል።

ታዲያ ምን ቸገራችሁ ትሉን ይሆናል። የቸገረን ክሱ ነው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ የግራዚያኒ ሰዎች አዝማሪዎችን፣ ጠንቋዮችንና ባሕታውያንን «የጣሊያን አገዛዝ ያበቃል እያሉ ወሬ ይነዛሉ» ብለው ረሸኑ። እነዚያ እንኳ የተፈረዱት ተናገሩ በተባለው ነው። እኛ ዘፋኙን ወደ ኋላ አዙረን ጭራሽ ባልተናገረው ልንፈርድበት?

እና ነገ አንዱ ስልኩን ሲያወጣባችሁ «ምን እንደሚል እንዳትነግረን» በሉት። ወረቀት አዘጋጁ፤ ለየብቻ ጻፉ፤ ከዚያ አስተያዩ።